አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን ሲገድል የእኛን ሕዋስ የማይገድለው ለምንድን ነው?

የተሁለደሬው መምህር (ጠያቂ)

ሰላም ለናንተ ይሁን። በተሁለደሬ ወረዳ፣ ከሐይቅ ከተማ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት አጠቃላይ ሳይንስ አስተምራለሁ። ስለ ሕዋስ የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ የእንስሳት፣ የዕፅዋትና የባክቴሪያ ሕዋስ ሥዕል በሰሌዳ ላይ ይሣላል፣ የየክፍሎቹ ስም ይጻፋል፣ ተማሪውም ለፈተና ይይዘዋል። በዚህ ዓመት አንዲት ተማሪዬ ከመጽሐፉ አልፋ አንድ ጥያቄ አነሣችና በቂ መልስ ይዤ እንደምመለስ ነግሬያታለሁ። ጥያቄዋ እንዲህ የሚል ነው፤ ባክቴሪያ ሕዋስ ከሆነ፣ የእኛም ሰውነት ከሕዋስ የተሠራ ከሆነ፣ አንድ ሰው አሞክሳሲሊን ሲወስድ ባክቴሪያው ሞቶ የሰውየው ሕዋስ የሚተርፈው እንዴት ነው?

ነገሩን ሳሰላስለው ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ተከተሉ። በአካባቢያችን ጉንፋን የያዘው ሰው መድኃኒት ቤት ገብቶ «ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ» መጠየቁ የተለመደ ነው። ጉንፋን በቫይረስ እንደሚመጣና አንቲባዮቲክ እንደማይነካው በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ተለጥፎ እናነባለን፤ የማይነካው ለምን እንደሆነ ግን ሲብራራ አልሰማሁም፤ ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ደግሞ ክልከላውን እንደ ንፍገት ይቆጥረዋል። ሌላው ጥያቄ ከበረት የመጣ ነው። የጎረቤቴ ፍየሎች በሳልና በትንፋሽ እጥረት ሲያዙ ጎረቤቴ ፔኒሲሊን እንዲወጋላቸው ቢጠይቁ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያው በሽታው በባክቴሪያ የሚመጣ ቢሆንም ፔኒሲሊን ፈጽሞ እንደማይሠራበት ነግሯቸው ሌላ መርፌ ወጋላቸው። ባክቴሪያ ከሆነ ፔኒሲሊን ስለምን አይሠራበትም? የምታውቁ ወንድሞችና እኅቶች ብታስረዱኝ ለተማሪዎቼም ለእኔም ትልቅ ውለታ ነው።

ፋርማሲስት ከኮምቦልቻ

መምህር፣ ተማሪዎ ያነሣችው ጥያቄ የመድኃኒት ሳይንስ የቆመበት ጥያቄ ነው። አንድ መድኃኒት በሽታ አምጪውን ጎድቶ ታማሚውን እንዳይጎዳ፣ በሽታ አምጪው ኖሮት እኛ የሌለን፣ ወይም ሁለታችንም ኖሮን አሠራሩ የተለያየ አንድ ነገር መገኘት አለበት። አንቲባዮቲክ የሚባለው ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ያለውን ልዩነት ተጠግቶ ነው። ስለዚህ መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆመን ስለ ጥንካሬ ከመጠየቃችን በፊት ይህ መድኃኒት የሚመታው የትኛውን የሕዋስ ክፍል እንደሆነ፣ ያ ክፍልም በያዘን በሽታ ውስጥ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ይገባል።

ከግድግዳው ልጀምር። የሰው ሕዋስ በስስ ሽፋን ብቻ የተከበበ ነው። አብዛኛው ባክቴሪያ ግን ከሽፋኑ ውጪ ፔፕቲዶግላይካን ከሚባል ነገር የተሠራ ግድግዳ አለው፤ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተዘርግተው በአጫጭር የአሚኖ አሲድ ድልድዮች እርስ በርስ ተያይዘውበታል። በባክቴሪያው ውስጥ ያለው ፈሳሽ የተሟሟው ነገር የበዛ ስለሆነ ውኃ ከውጪ ወደ ውስጥ ይገባና ሕዋሱን ይወጥረዋል፤ በመረብ ውስጥ እንደተነፋ ኳስ ይዞ ከመፈንዳት የሚያድነውም ያ ግድግዳ ነው። ባክቴሪያው ሲያድግና ለሁለት ሲከፈል መረቡን እያላላ በአዲስ ክር መልሶ ማያያዝ ይኖርበታል፤ ይህን የሚሠሩለት ኢንዛይሞች የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉት። ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፣ ሴፍትሪያክሶንም ጭምር፣ በውስጣቸው ከአራት አቶሞች የተሠራ አንድ ቀለበት አላቸው፤ ቅርጻቸውም ኢንዛይሙ ከሚይዘው የድልድይ ጫፍ ጋር ይመሳሰላል። ኢንዛይሙ በድልድዩ ፈንታ መድኃኒቱን ይይዛል፤ አንዴ ከያዘው በኋላም ሊላቀቀው አይችልም። ማላላቱ ሲቀጥል ማያያዙ ስለሚቆም ግድግዳው እየሳሳ ሄዶ ይቀደዳል፣ ባክቴሪያውም ይፈነዳል።

እንግዲህ የተማሪዎ ጥያቄ የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው፤ የእኛ ሕዋስ የሚቀደድ ግድግዳ የለውም። የፔኒሲሊን አለርጂ ከዚህ የተለየ ጉዳይ መሆኑን ግን ልብ ይበሉ። አለርጂ ያለበት ሰው የሚጎዳው የሰውነቱ መከላከያ ለመድኃኒቱ ከልክ ያለፈ ምላሽ ስለሚሰጥ ነው፤ ለሞት ሊያደርስ ስለሚችልም ባለሙያው «ከዚህ በፊት መድኃኒቱ ተስማምቶሃል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ አስቦ መመለስ ያስፈልጋል።

ሁሉም አንቲባዮቲክ ግን ግድግዳ አይመታም። ሕዋስ ሁሉ፣ የእኛም ሆነ የባክቴሪያው፣ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም በሚባሉ ጥቃቅን አካላት ነው። የባክቴሪያው ራይቦዞም ከእኛ ያነሰና በቅርጽ የተለየ ነው፤ ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን በትንሹ ክፍሉ ላይ፣ ኤሪትሮማይሲንና አዚትሮማይሲን በትልቁ ክፍሉ ላይ ተለጥፈው ሥራውን ያስቆማሉ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በሕዋሳችን ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎች ከብዙ ዘመን በፊት ራሳቸውን ችለው ይኖሩ ከነበሩ ባክቴሪያዎች የመጡ ናቸው፤ አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሊን ማርጉሊስ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣችው ጽሑፍ ይህን ሐሳብ ስታቀርብ ብዙዎች አልተቀበሏትም ነበር፤ ዛሬ ግን የታወቀ እውነት ሆኗል። ማይቶኮንድሪያ እስከ አሁን የባክቴሪያን ራይቦዞም የሚመስል የራሱ ራይቦዞም ስላለው፣ እንደ ክሎራምፌኒኮል ያሉ መድኃኒቶች የእኛንም ሕዋስ በተለይም የደም መሥሪያ መቅኔን ሊጎዱ ይችላሉ። ልዩነቱ በጠበበ ቁጥር ጉዳቱ ይቀርባል።

ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚመታው ሌላ ቦታ ነው። በአንጀት የሚኖረው የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ርዝመቱ 2 ማይክሮሜትር ገደማ (1 ሚሊሜትር 1,000 ማይክሮሜትር ነው) ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ ከ1 ሚሊሜትር ተኩል የማያንስ ነው፤ ማለትም ከራሱ ቁመት ብዙ መቶ እጥፍ የሚረዝም ክር ጠምዝዞ ይዟል። ያን ክር ሳይተበተብ የሚፈታና የሚጠመዝዝ ኢንዛይም አለው፤ መድኃኒቱ ይህን ኢንዛይም ክሩን በቆረጠበት ቅጽበት ይዞ ያስቀረዋል። ኮትሪሞክሳዞል ደግሞ ፎሌት የተባለው ቫይታሚን የሚሠራበትን መንገድ ይዘጋል። እኛ ፎሌትን ከጎመንና ከምስር እናገኛለን፤ ብዙ ባክቴሪያዎች ግን ራሳቸው ካልሠሩት አያገኙትም።

ወደ ጉንፋኑ ስንመጣ፣ ቫይረስ ከእነዚህ አንዱም የለውም። ሕዋስ አይደለም፤ ግድግዳ የለውም፣ ራይቦዞም የለውም፣ ራሱን ችሎ ኃይል አያመነጭም። በፕሮቲን ቅርፊት ውስጥ የተቀመጠ ዘረመል ነው፤ አንዳንዱ በላዩ ላይ የስብ ሽፋን ይደርባል። ከጉንፋን አምጪዎች ዋነኛው ራይኖቫይረስ ስፋቱ 30 ናኖሜትር ገደማ (1 ማይክሮሜትር 1,000 ናኖሜትር ነው) ስለሆነ፣ በአንድ የኢ. ኮላይ ቁመት ላይ ከ60 በላይ የሚሆኑት በተርታ ሊሰለፉ ይችላሉ። ቫይረሱ በአፍንጫና በጉሮሮ ሕዋሳችን ውስጥ ገብቶ ራሱን የሚያባዛው በእኛው ራይቦዞም፣ በእኛው ኃይል፣ በእኛው ጥሬ ዕቃ ነው። ስለዚህ አሞክሳሲሊን የሚቀድደው ግድግዳ አያገኝም፤ አዚትሮማይሲንም የሚለጠፍበት የባክቴሪያ ራይቦዞም አያገኝም። መጠኑ በእጥፍ ቢጨመር፣ በመርፌ ቢሰጥ፣ ከውጭ አገር ቢመጣ ያው ነው።

ያለ ምክንያት የተወሰደው መድኃኒት ግን ዝም ብሎ አይወጣም። በሰውነታችን ውስጥ በአብዛኛው በአንጀት የሚኖሩ፣ በግምት 38 ትሪሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ብዛታቸው ከራሳችን ሕዋሳት ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሰው «ጠንከር ያለ» የሚለው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚገድል ማለት ስለሆነ፣ ጉንፋኑን ሳይነካ እነዚህን ያጠፋል። ከአንቲባዮቲክ በኋላ የሚመጣው ተቅማጥ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው።

የእንስሳት ሐኪም ከባቲ

መምህር፣ የፍየሉን ነገር እኔ ልመልስ፤ ለጎረቤትዎ የተነገራቸው ትክክል ነው።

ፍየሎችን በሳል፣ በከፍተኛ ትኩሳትና በትንፋሽ እጥረት አስጨንቆ የሚገድለው ተላላፊ የሳንባ በሽታ የሚመጣው ማይኮፕላዝማ ከሚባል የባክቴሪያ ወገን ነው። ማይኮፕላዝማ ግድግዳ የለውም። ወንድሜ ከኮምቦልቻ እንዳስረዱት ፔኒሲሊን የሚመታው የግድግዳውን ሥራ ስለሆነ፣ ግድግዳ በሌለው ባክቴሪያ ላይ የሚሠራው አንዳች ነገር የለም። ራይቦዞም ግን ማይኮፕላዝማም አለው፤ ስለዚህ ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ታይሎሲን እንወጋለን፤ በጊዜ ከተጀመረ ፍየሉ ይተርፋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይም ማይኮፕላዝማ ቅርጹን የሚያስይዘው ግድግዳ ስለሌለው አንዴ ድቡልቡል፣ አንዴ እንደ ክር የተሳበ ሆኖ ይታያል።

ችግሩ በጎችና ፍየሎች ሌላም በሽታ አለባቸው። በሙያው ፒፒአር የምንለው በሽታም ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስልና ተቅማጥ ያመጣል፤ ይህ ግን ቫይረስ ነው። ከሰው ኩፍኝና በአማርኛ ደስታ ከሚባለው የከብት ወረርሽኝ ጋር አንድ ወገን ነው። ገበሬው ሁለቱንም «ፍየሌ ሳለ» ብሎ ይመጣል። ሰኞ ገበያ ላይ ስለ መርፌ የሚጠይቀኝን ሰው መጀመሪያ የማስከፍተው የፍየሉን አፍ ነው፤ ድድና ምላሱ ላይ ቁስል፣ ከዚያም ተቅማጥ ካለ ሐሳቤ ወደ ፒፒአር ያዘነብላል። በፒፒአርም ላይ ኦክሲቴትራሳይክሊን የምንሰጥበት ጊዜ አለ፤ ቫይረሱ ባዳከመው ሳንባ ላይ ተከትሎ የሚገባውን ባክቴሪያ ለመከላከል እንጂ ለቫይረሱ አይደለም። ለቫይረሱ ያለን መከላከያ ክትባት ነው። ክትባት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ደስታ ራሱ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ በአገራችን አብዛኛውን ከብት ጨርሶ ክፉ ቀን የተባለውን ረሀብ ያመጣው ያ ቫይረስ፣ አንድም መድኃኒት ሳይገኝለት በዋናነት በክትባት ተሸንፎ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል።

አባ ሰንጋን ሳልጠቅስ አላልፍም። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ግድግዳ ስላለው ፔኒሲሊን በሕይወት ባለ እንስሳ ደም ውስጥ ሲራባ ይገድለዋል። በድኑ ሲቆረጥና ደሙ አየር ሲያገኝ ግን ባክቴሪያው ጠንካራ ቅርፊት አበጅቶ ያንቀላፋል፤ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይቆያል። ያንቀላፋ ባክቴሪያ ግድግዳ ስለማይሠራ ፔኒሲሊን አይነካውም። በድንገት ወድቆ የሞተ፣ ከአፉና ከአፍንጫው ጠቆር ያለ ያልረጋ ደም የሚወጣውን ከብት ቆዳውን እንኳ አትግፈፉ የምንለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ከቤታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጡቷ አብጦ አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም ወተት ለእርጎ ቢቀመጥ አይረጋም፤ ወይም በጣም ዘግይቶ ይረጋል። ወተቱን እርጎ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በወተቱ ውስጥ የቀረው መድኃኒት እነሱንም ያስቆማቸዋል። የቤት እመቤቶች «ወተቱ እንቢ አለ» ብለው ሲነግሩኝ የማወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ላሚቱ መቼ እንደተወጋች ነው። ሐኪሙ «እስከዚህ ቀን ወተቷን አትጠጡ» ያለውን መጠበቅ የሚገባውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወተት ማፍላት መድኃኒቱን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

አንባቢ ከወረኢሉ

የተባለውን ሁሉ አንብቤ ተምሬበታለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሆኖም አንድ ነገር አልገባኝም። እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ ሁልጊዜ አሞክሳሲሊን እወስዳለሁ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይለቀኛል። ባለቤቴም ልጆቼም እንዲሁ ናቸው። ቫይረስን የማይነካ ከሆነ ይህ መሻል ከየት መጣ?

ፋርማሲስት ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ የሚሻልዎት እውነት ነው። ጉንፋን በአብዛኛው ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ራሱ ይለቃል፤ የሚባሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አካባቢ ስለሆነም ሰው መድኃኒት ቤት የሚመጣው በዚያው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ መድኃኒት ቢወስድም ባይወስድም ይሻለዋል። ሰውነታችን ቫይረሱን የሚያውቅና የሚያጠፋ መከላከያ አለው፤ ምስጋናውን ግን እንክብሉ ይወስድበታል። ለሚቀጥለው ጊዜ ዕረፍት፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ለትኩሳትና ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይበቃል። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ትኩሳቱ ከተወ በኋላ እንደገና ከተነሣ፣ ወይም ሕፃኑ መጥባት እንቢ ካለ ግን ባክቴሪያ ተከትሎ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ጤና ጣቢያ መታየት ያስፈልጋል።

የላቦራቶሪ ባለሙያ ከወልድያ

ከላይ የተባለውን እኔ ቀን ከቀን በማይክሮስኮፕ ስለማየው ጥቂት ልጨምር።

የባክቴሪያ ግድግዳ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሃንስ ክርስቲያን ግራም የተባለው የዴንማርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1884 ያወጣው የማቅለም ዘዴ እስከ ዛሬ በየላቦራቶሪያችን ይሠራበታል። ናሙናው በስላይድ ላይ ተቀብቶ ይደርቃል፣ በእሳት ይተኮሳል፣ ሐምራዊ ቀለም ይፈስበታል፣ ከዚያ አዮዲን፤ ቀጥሎ አልኮል ለጥቂት ሰከንድ ብቻ፣ በመጨረሻም ቀይ ቀለም። ግድግዳው ወፍራም የሆነው ባክቴሪያ ሐምራዊውን ይዞ ይቀራል። ግድግዳው ስስ ሆኖ በላዩ ሌላ የስብ ሽፋን የደረበው ግን በአልኮሉ ታጥቦ ሐምራዊውን ይለቅና ኋላ በቀዩ ይቀላል። አልኮሉ ጥቂት ሰከንድ ከበዛ ሁሉም ይታጠባል፤ ስለዚህ ዓይንን ከስላይዱ ላይ ማንሣት አይቻልም። ይህ የቀለም ልዩነት ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው፤ የጥንቱ ፔኒሲሊን ያን የውጪ ሽፋን አልፎ ለመግባት ስለሚቸገር በቀዮቹ በአብዛኛዎቹ ላይ አይሠራም፣ አሞክሳሲሊን ግን በሽፋኑ ቀዳዳዎች ማለፍ ስለሚችል በአንዳንዶቹ ላይ ይሠራል።

የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ከሁለቱም ይለያል። ግድግዳው በሰም መሰል ነገር የተሞላ ስለሆነ ብዙ መድኃኒት አያስገባም፤ ለሁለት ለመከፈልም ከ15 እስከ 20 ሰዓት ይፈጅበታል። ኢ. ኮላይ ምቹ ሁኔታ ካገኘ በ20 ደቂቃ ይከፈላል። አንዱ ኢ. ኮላይ ሳይቋረጥ በዚህ ፍጥነት ቢቀጥል በ10 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል ማለት ነው። ለነቀርሳ ሕክምና የተለመደው ስድስት ወር የሆነበትና በርካታ መድኃኒቶች አብረው የሚሰጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ዝግታ ነው።

አብሬ ማንሣት የምፈልገው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል» የሚለውን አነጋገር ነው። መድኃኒቱን የሚላመደው ባክቴሪያው ነው፤ የሰውየው ሰውነት በዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም። አንድ ቢሊዮን ባክቴሪያ ሲራባ በዘረመሉ ቅጂ ላይ ጥቂት ስሕተቶች መፈጠራቸው አይቀርም፤ ከእነዚያ መካከል አንዱ በአጋጣሚ ከመድኃኒቱ የሚያድን ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገድል ያ አንዱ ቦታውንም ምግቡንም ብቻውን ይወርሳል። አንዳንዱ ባክቴሪያ የፔኒሲሊንን ቀለበት የሚሰብር ኢንዛይም ይሠራል፤ ይህ ኢንዛይም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1940፣ ፔኒሲሊን ገና በሰፊው ለሕክምና ሳይውል ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግም እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ሰዎች መድኃኒቱን ከሚገባው ባነሰ መጠን ቢወስዱ ባክቴሪያውን መላመድ እንደሚያስተምሩት አስጠንቅቋል። ከሁሉ የሚያሳስበው ባክቴሪያዎች ይህን የመላመድ ዘረመል በትንሽ ክብ ዲኤንኤ ላይ አድርገው ለሌላ፣ ዘመድ ላልሆነ ባክቴሪያ እንኳ ማስተላለፋቸው ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ለጉንፋን ተብሎ የተዋጠ መድኃኒት በአንጀት ያሉትን መርጦ ያስቀረው ዘረመል፣ ነገ ሽንት ቱቦ ወይም ቁስል ውስጥ በሚገባ ሌላ ባክቴሪያ ላይ ሊገኝ ይችላል። ይህን በቅርብ ስለማየው ያሳዝነኛል። ባክቴሪያውን በሳህን ላይ አሳድገን የየመድኃኒቱን ክብ ወረቀት እናስቀምጥበታለን፤ በማግሥቱ መድኃኒቱ በሚሠራበት ወረቀት ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል። ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ በቅሎ ያገኘሁበት ሳህን ግን ለዚያ ታማሚ ያ መድኃኒት ከንቱ መሆኑን ይነግረኛል።

ቆቦና ከዚያ በታች ያላችሁ ደግሞ ወባን ከዚህ ጋር አትቀላቅሉ። የወባ ተሕዋስ ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም፤ እንደ እኛ ኒውክለስ ያለው ሕዋስ ስለሆነ የራሱ መድኃኒት አለው።

የተሁለደሬው መምህር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው ያገኘሁት። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ለቫይረስ መድኃኒት ፈጽሞ የለም ማለት ነው? በአካባቢያችን አልማዝ ባለጭራ የወጣበት አንድ ሽማግሌ ከሐኪም ቤት የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጥቷቸዋልና። በተጨማሪም የእንስሳት ሐኪሙ የነገሩንን የወተት ነገር በክፍል ውስጥ ላሳይ እችላለሁን?

ፋርማሲስት ከኮምቦልቻ

ለአንዳንድ ቫይረሶች መድኃኒት አለ፤ የሚሠራውም በዚያው በልዩነት ነው። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው በልጅነት ጉድፍ ሆኖ የሚወጣው ቫይረስ ሲሆን፣ ጉድፉ ከዳነ በኋላ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖርና በእርጅና ወይም ሰውነት ሲዳከም በአንድ የነርቭ መስመር ላይ ይነሣል። ለዚህ የሚሰጠው አሲክሎቪር ሲዋጥ ገና ሥራ ያልጀመረ መድኃኒት ነው። ሥራ የሚያስጀምረው ቫይረሱ ራሱ የሚሠራው አንድ ኢንዛይም ነው፤ ቫይረሱ ባልገባበት ሕዋስ ውስጥ ያ ኢንዛይም ስለሌለ መድኃኒቱ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ቫይረሱ ባለበት ሕዋስ ግን ነቅቶ የቫይረሱን ዲኤንኤ ቅጂ ያቋርጣል። ይህን መድኃኒት ካስገኘው ቡድን ጋር የሠራችው ገርትሩድ ኤሊየን እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተጋርታለች። የኤችአይቪ መድኃኒቶችም እንዲሁ ቫይረሱ ብቻ ያሉትን ኢንዛይሞች ይመታሉ። ሆኖም ለአንዱ ቫይረስ የተሠራ ለሌላው ስለማይሆን አሲክሎቪር ለጉንፋን አይጠቅምም። ለሽማግሌው ደግሞ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይበልጥ ይረዳቸዋል፤ ሌላም ሰው ቢያጋጥምዎ ቶሎ እንዲታይ ይንገሩልኝ።

የእንስሳት ሐኪም ከባቲ

መምህር፣ አብሽር፣ ይቻላል። ለዚህ ብለው እንክብል አይግዙ፤ በወረዳዎ ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ ቢጠይቁ ለጡት በሽታ በመታከም ላይ ካለች ላም የተገኘ፣ ለማንኛውም የሚደፋ ወተት ያገኙልዎታል። አንድ ብርጭቆ ከእሱ፣ አንድ ብርጭቆ ካልታከመች ላም ወተት ይውሰዱ። ሁለቱንም አፍልተው ለብ እስኪሉ ያቀዝቅዙ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ከአንድ ዕቃ የተቀዳ አንድ አንድ ማንኪያ እርጎ ጨምረው፣ ስም ጽፈውባቸው፣ ከድነው ሞቅ ባለ ቦታ እስከ ማግሥቱ ያቆዩአቸው። ተማሪዎቹ ብርጭቆዎቹን ዘንበል እያደረጉ የትኛው እንደረጋ ይመልከቱ፣ ሽታቸውንም ያወዳድሩ። ማንም እንዳይቀምስ ከፊቱ ያስጠንቅቁ፤ ሲጨርሱም የታከመችውን ላም ወተት ለውሻም ለጥጃም ሳይሰጡ ከምንጭና ከጉድጓድ ውኃ ርቀው መሬት ቆፍረው ይድፉት።